መውጫው አረንጓዴ፣ መመለሻው ቢጫ

ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ቢሆነኝም በሬን የሚያንኳኳ ሰው አላጣሁም። የሚመጣው ሁሉ እጁ ላይ ወረቀት አለ። በቀደም ዕለት ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የምትሸጥ ጎረቤቴ ልጇ ከሄደበት አገር በስልክ የላከላትን ደብዳቤ ይዛ መጣች።

«እትዬ ሥንዱ፣ ከአገራችን ውጣ ብለውታል። አባረሩት ማለት ነው?»

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። «አላባረሩትም» አልኳት። «እስከዚህ ቀን ድረስ በራስህ ውጣ ነው ያሉት። የተባረረ ሰው ተይዞ ታጅቦ ነው የሚወጣው፤ ስሙም መዝገብ ላይ ይሰፍርና ተመልሶ እንዳይገባ ዓመታት ይታገዳል። ልጅሽ ቀኑን አክብሮ ከወጣ ግን ወደፊት ቪዛ መጠየቅ ይችላል።»

«ታዲያ እንዲህ ብለው አይጽፉትም?»

«ጽፈውታል። ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ነው ያጣው።»

ቁጭ ብሎ ማስረዳት ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር። ደርግ መጥቶ ደርግ እስኪሄድ ድረስ እንጀራዬ ይኸው ነው። ሰፈር ውስጥ «ሥንዱ ኩራተኛ ናት» ይሉኛል አሉ። ልክ ናቸው፤ እኮራለሁ። ከአንዲት ቀን በስተቀር የሠራሁት ሥራ ሁሉ ያኮራኛል። ስለዚያችም ቀን ዛሬ እጽፋለሁ።

መሥሪያ ቤታችን ጉለሌ ውስጥ ከአንድ ሀብታም የተወረሰ ቪላ ነበር። በሰሜን አዲስ አበባ የሚኖሩ የውጭ ዜጎች የሚመዘገቡበት ትንሽ ቅርንጫፍ ነው። ሳሎኑ የባለጉዳይ መቀበያ፣ መኝታ ቤቱ የኃላፊው ቢሮ፣ መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ መዝገብ ቤት ሆኖ ነበር። ፋይሎቹን የምንደረድረው ገንዳው ውስጥ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት መደርደሪያ እንዲልክልን በየዓመቱ እንጽፋለን፤ እነሱም በየዓመቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የጽሕፈት መኪና ተምሬ፣ የምትበቃ ደመወዝ ተቆርጦልኝ በታይፒስትነት ገባሁ። ሥራውን ግን ያስተማረኝ የጽሕፈት መኪናው አልነበረም።

ያስተማሩኝ አቶ ሻኖ ናቸው። አባታቸው ከዶርዜ መጥተው ሽሮ ሜዳ የተቀመጡ ሸማኔ ነበሩ፤ እሳቸውም ልጅ ሆነው ሽመና ሠርተዋል። ኋላ ቄስ ትምህርት ቤት የቆጠሩት ፊደል ቢሮ አደረሳቸው። እኛ ጋሽ ሻኖ እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ካፖርታቸውን በጋ ክረምት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ማኅተሙን ጠዋት ጠዋት ከቤት ባመጡት የጥጥ ብጣሽ ፊደል በፊደል ይጠርጉታል። የደበዘዘ ማኅተም ኬላ ላይ ሰው ያሳስራል ይላሉ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሌላ ልማዳቸው ነው። ባለጉዳዩ ቅጹን ሞልቶ ሲያቀርብ ማኅተሙን ያነሡና አየር ላይ እንደያዙት ይቆያሉ።

«ይህ ወረቀት ምን እንደሚያደርግልዎ በራስዎ አፍ ይንገሩኝ» ይላሉ።

ሰውየው በትክክል ካልተናገረ ማኅተሙ አይወርድም። መጀመሪያ እሳቸው ያስረዳሉ፤ ከዚያ ያስደግማሉ። አንድ ጊዜ አንድ ግሪካዊ መካኒክ የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያሳድስ መጥቶ ግራ ሲገባው እንዲህ አሉት፦

«ይስሙኝ። ቪዛ ማለት በር ለማንኳኳት የሚያበቃ ወረቀት ነው። በሩን የሚከፍተው ግን ኬላው ላይ ያለው መኮንን ነው፤ ደስ ካላለው እርስዎ ቪዛ ይዘውም ሊመለሱ ይችላሉ። የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ከገቡ በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀመጡበት ወንበር ነው። ወጣ ብለው ሊመለሱ ከፈለጉ የመመለሻ ቪዛ ከእኛ ይዘው ይውጡ። አለበለዚያ ወንበሩ አይጠብቅዎትም። እሺ፣ አሁን ይንገሩኝ።»

ግሪካዊው በተሰባበረ አማርኛ ሦስት ጊዜ ሞክሮ በሦስተኛው አገኘው። ከኋላው የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። እኔ ደግሞ ወጣት ነኝ፣ ችኩል ነኝ።

«ጋሽ ሻኖ፣ በዚህ አያያዝ እስከ ማታም አንጨርስ» አልኳቸው።

«ሥንዱ፣ ይሄ ሰውዬ ኬላው ላይ የሚቆመው ብቻውን ነው። እዚያ አንቺ የለሽም፣ እኔም የለሁም። የነገርነው ነገር ብቻ ነው አብሮት ያለው» አሉኝ።

ቀስ በቀስ ልማዱ ወደ እኔም ተጋባ። ሊሴፓሴ ፓስፖርት የሌለው ሰው ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚይዘው ወረቀት መሆኑን፣ ስደተኛ ማለት ሥራ ፈልጎ የመጣ ሳይሆን አገሩ ቢመለስ ሕይወቱን የሚፈራ ሰው መሆኑን፣ የአገር ውስጥ የይለፍ ወረቀት ከድንበር እንደማያሳልፍ፣ ይህን ሁሉ ለስንቱ አስረዳሁ! ባለጉዳዩ ሳይጠይቀኝ ሁሉ እጀምርለት ነበር። አንዳንዱ ይስቅብኛል፤ አንዳንዱ እጄን ይዞ ይመርቀኛል።

ከዚያ በባቡሩ መስመር ወደ ጅቡቲ መውጫ፣ ደወሌ ኬላ ተመደብኩ። ሁለት ዓመት ያለ ጥላ ተቀቀልኩ ማለት ይቻላል። አለቃችን አንድ መቶ አለቃ ነበሩ። ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን «ሰርጎ ገብ» የምትል ቃል አፋቸው ላይ ተጣብቃ ቀርታለች። በዚያ ዘመን ሰርጎ ገብ ተብሎ የተጻፈበት ሰው ጉዳዩ የደኅንነት ነው፤ መቼ እንደሚፈታ እግዜር ነው የሚያውቀው።

አንድ ጠዋት ወታደሮች አንዲት ሴት ከነፍየሎቿ ይዘው መጡ። ከወዲያ ማዶ ስትሻገር አግኝተዋት ነው። መቶ አለቃው «ሰርጎ ገብ በይና በጽሕፈት መኪናው ምቺው» አሉኝ። እኔ ሴትዮዋን በአስተርጓሚ ጠየቅኳት። ቤቷ ከወዲህ ነው፣ የውኃ ጉድጓዷ ከወዲያ። በየሁለት ቀኑ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። እናቷም እንዲሁ ስታደርግ ኖራለች።

«ጌታዬ፣ ይቺ የድንበር አካባቢ ነዋሪ ናት። መመሪያችን ላይ ለብቻዋ አንቀጽ አላት» አልኳቸው።

«አንቺ ታይፒስት ነሽ ወይስ ዳኛ?»

«ታይፒስት ነኝ። ግን ያልሆነችውን ሆናለች ብዬ አልመታም።»

መቶ አለቃው ጠረጴዛውን በጡጫ መቱ። መመሪያውን አምጪ አሉኝ፤ ገልጬ ሰጠኋቸው፤ አነበቡ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጥለውት ወጡ። ሴትዮዋ ከቀትር በኋላ ፍየሎቿን እየነዳች ሄደች። ስሜንም አታውቅም። እኔ ግን በዚያ ቀን ጋሽ ሻኖን የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ ደረቴ ተነፍቶ ነው የዋልኩት።

ጉለሌ ስመለስ ጋሽ ሻኖ ጡረታ ወጥተው ነበር። ወንበራቸውም ማኅተማቸውም ለእኔ ተሰጠኝ። ጥፋቴም የተሠራው በዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

ሰዒድ ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ክር፣ መርፌ፣ ቁልፍና ላምባ የሚሸጥ የመናዊ ነበር። በሕፃንነቱ ከአባቱ ጋር መጥቶ ጉለሌ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። የስልጤ ልጅ መሬማን አግብቶ ሐያት የምትባል፣ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ አለችው። እናቱ ግን የመን እንደቀረች ነው። ዓይኗ ሊጠፋ ነው የሚል ደብዳቤ ደረሰውና ደርሶ ሊመለስ አሰበ።

እኛ ዘንድ የመጣው በአብዮት በዓል ዋዜማ ነው። የዚያን ጊዜ ሰው ይህን ያውቃል፤ ለሰልፉ ልምምድ እስከ ስድስት ሰዓት አደባባይ መገኘት ግዴታ ነው፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ሰው ይጠየቃል። ካድሬያችን በር ላይ ቆሞ ፊሽካ ይነፋል። የባለጉዳዩ ወረፋ ደግሞ ከበሩ አልፎ አጥሩ ድረስ ተዘርግቷል።

እኛ ዘንድ ሁለት ቅጽ ነበር። አረንጓዴው የመውጫ ቪዛ መጠየቂያ ነው፤ ቢጫው የመመለሻ። ተመልሶ ሊገባ የሚፈልግ የውጭ ዜጋ ሁለቱንም ይሞላል። አረንጓዴውን ብቻ ከሞላ ጠቅልሎ መውጣቱ ነው። ሰዒድ አረንጓዴውን ብቻ ሞልቶ አቀረበ። የመኖሪያ ፈቃዱ ገና ስላላለቀ በእሱ እመለሳለሁ ብሎ ነው ያሰበው።

«እህቴ፣ ይሄው ነው በቃ? ሌላ የሚሞላ የለም?» አለኝ።

ፊሽካው ይጮኻል። ሰዓቴን አየሁ። ሰዒድ ቀና ብዬ ያላየሁት ስንተኛው ሰው እንደሆነ እንጃ።

«ይሄው ነው» አልኩት።

ማኅተሙንም አወረድኩ። «ይንገሩኝ» አላልኩም። ወደ ሰልፉ ልምምድ ሮጥኩ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ መሬማ ልጇን አዝላ፣ ቴሌግራም ይዛ መጣች። ከንፈሯ ደርቋል።

«እትዬ፣ ሰዒድን ደወሌ ላይ አትገባም ብለው በመጣበት ባቡር መለሱት። ጅቡቲ ሰው ቤት ተጠግቶ ነው ያለው። ምን አጥፍቶ ነው? ወንጀል ሠርቶብኝ ነው?»

«ምንም አልሠራም» አልኳት። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄጄ ፋይሉን ከገንዳው አወጣሁት። አረንጓዴ ወረቀት አለ። ቢጫ የለም። ከሥሩ የእኔ ማኅተም፣ ጥርት ብሎ። የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩ ኋላ ሲጣራ እንዲህ ነው። ሲወጣ የኬላው ሠራተኛ ጠቅልሎ የሚወጣ መሆኑን አይቶ የመኖሪያ ፈቃዱን ተቀብሎታል። ሰዒድ ደግሞ እስክመለስ በአደራ ያስቀምጡልኛል ብሎ፣ አመስግኖ ነው የሰጠው። በሕጉ ዓይን አልተባረረም፣ አልተከሰሰም። መግባት ተከለከለ፣ በቃ። ወረቀት የሌለው ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው። ነገር ግን ሚስትና ልጅ ከወዲህ ላለው ሰው ይሄ ከመባረር በምን ይሻላል?

ለጓድ ኃላፊው ሄጄ ነገርኩት። ፋይሉን አገላበጠው።

«ፊርማው የማን ነው?»

«የሰውየው።»

«እንግዲያው አለቀ። ጠቅልሎ የወጣ ብለሽ ዝጊው።»

«ጓድ፣ ጠቅልሎ አልወጣም። ጠይቆኛል። ይሄው ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓድ ሥንዱ፣ ስለምወድሽ ነው የምነግርሽ። ይህን ጽፈሽ ካስገባሽ ሆን ብላ ነው የሚል አይጠፋም። አሻጥር የሚባለው ቃል ምን እንደሚያስከትል አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። እናትሽን የምትጦሪ አንቺ ነሽ። ተይው።»

አስፈራራኝ ማለት አልችልም፤ የነገረኝ እውነት ነበር። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ስንቱ ሄዶ ቀርቷል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽሮ ሜዳ ጋሽ ሻኖ ቤት ሄድኩ። ጡረታ ሲወጡ ወደ አባታቸው ሥራ ተመልሰው ነበር። የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን አውርደው ጥበብ ይሠራሉ። አልተነሡም፤ ግን መወርወሪያውን አስቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እየነገርኳቸው አለቀስኩ።

«ምን ብሎ ጠየቀሽ?» አሉ።

«ይሄው ነው በቃ? ሌላ የሚሞላ የለም? አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ይሄው ነው አልኩት።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ የተበጠሰ ክር አንሥተው ቋጠሩ። «ያ የማስደገም ነገር፣ ከየት ያመጣሁት ይመስልሻል?» አሉኝ። «ጎበዝ ስለሆንኩ ይመስልሻል? አንድ አርመናዊ ነበር። በንጉሡ ጊዜ ነው። ልክ እንደዚህ አድርጌ ሸኘሁት። አለቃዬ ዝጋው አለኝ፤ ዘጋሁት። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ሚስቱ ፒያሳ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች። እሱ ነው የማይለቀኝ፤ ሰላም ማለቷ።»

አድርጊም አታድርጊም አላሉኝም። ቡና ቁርስ በልቼ ወጣሁ።

በዚያን ጊዜ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበር። መጨረሻው ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ ተነሥቶ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ማለትም ጥፋቱን ራሱ ይናገራል። ለወጉ ያህል ነው። ሁላችንም ተራ በተራ «ሰዓት አላከብርም፣ አስተካክላለሁ» እንላለን፤ ይጨበጨባል፤ ወደ ቤታችን። በዚያ ሳምንት የእኔ ተራ ሲደርስ ተነሣሁ።

«አንድ ሰው ቤቱ መግባት አልቻለም» አልኩ። «ምክንያቱ እኔ ነኝ። ሌላ የሚሞላ የለም ወይ ብሎ ጠይቆኝ የለም አልኩት፤ ነበረ። ፊርማው የእሱ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሪፖርቱን ጽፌ ዛሬ ወደ በላይ ልኬዋለሁ።»

ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። ካድሬው እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። ጓድ ኃላፊው መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ተቀመጥኩ።

ሦስት ጊዜ ተጠርቼ ተመረመርኩ። ማን ላከሽ፣ ከሰውየው ምን ተቀበልሽ፣ ይሉኛል። ሁሌም መልሴ ያው ነው፤ ቸኩዬ ነው። መጨረሻ ላይ ከወንበሬ ተነሥቼ መዝገብ ቤት ተመደብኩ። የደመወዝ ጭማሪዬም ታገደ። አንድ ዓመት ከገንዳው ጋር ዋልኩ። ይሁን። የሰዒድ ጉዳይ ግን እኔ በጻፍኩት ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ እንደገና ታየ፤ በአሥረኛው ወር ልዩ የመግቢያ ፈቃድ ተሰጠው።

ያንን የመዝገብ ቤት ዓመት በከንቱ አላሳለፍኩትም። ከጋሽ ሻኖ ድርና ማግ የተረፈ ክር ለምኜ፣ በመርፌ አረንጓዴውንና ቢጫውን ቅጽ አንድ ላይ ሰፋኋቸው። አንዱን የወሰደ ሌላውን ሳያይ አይሄድም። ቢጫውን የማይፈልግ ሰው ራሱ ይቀደው፤ ሲቀደው ደግሞ ለምን እንደሚቀድ ይጠየቃል። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ «ሥንዱ ሽመና ጀመረች» አሉ። በኋላ ዋናው መሥሪያ ቤት ሁለቱን በአንድ ወረቀት ግራና ቀኝ አሳተማቸው። የእኔ ስም የትም አልተጻፈም። እኔ ግን ያን ወረቀት ባየሁ ቁጥር ስፌቱ ይታየኝ ነበር። ወንበሬም ተመለሰልኝ፤ ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ምን እንደያዘ ሳያውቅ ከፊቴ የሄደ አንድም ሰው የለም። ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ሰዒድ የመጣ ቀን ከመሬማ ጋር ለገሃር ወርጄ ነበር። ከስቶ፣ ጠቁሮ ከባቡሩ ወረደ። ሐያት አላወቀችውም። እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጣ «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?» አለች። መሬማ ልጇን ቆንጠጥ አደረገቻት። ሰዒድ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ተቋረጠ። እኔን ጨበጠኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ «ሪፖርቱን እንደጻፍሽ ነገሩኝ» ብቻ አለኝ። ያኔ ዓይኑን ቀና ብዬ ማየት ቻልኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ እናቱ ልትሞት ነውና ድረስ የሚል መልእክት መጣለት። እኔ ጊዜ አላጠፋሁም። ሁለቱንም ቪዛ በራሴ እጅ አስጨርሼ ሱቁ ድረስ ወሰድኩለት። መውጫው አለ፣ መመለሻው አለ፣ ማኅተሙም ጥርት ያለ ነው። አንድ በአንድ አስረዳሁት፤ እሱም ሳልጠይቀው ደገመልኝ።

«ወረቀቱን አምነዋለሁ» አለኝ። «አንቺንም አምንሻለሁ። ግን እሷን ምን ልበላት?»

ባንኮኒውን ዞሬ ሳይ ሐያት የአባቷን ጫማ ከሥሯ አድርጋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እሱ በካልሲ ነው የቆመው። «መልእክቱ ከመጣ ጀምሮ እንዳይሄድ ብላ ጫማውን አልለቅም አለች፤ የምትተኛውም እላዩ ላይ ነው» አለችኝ መሬማ። በርከክ አልኩና ወረቀቱን አሳየኋት።

«ሐያትዬ፣ ይሄኛው አባባ የሚሄድበት ነው፤ ይሄኛው ደግሞ የሚመለስበት። ወረቀት ስላለው ማንም አይከለክለውም። ገባሽ?»

ወረቀቱን በደንብ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ያኔስ ወረቀት አልሰጠሽውም ነበር?»

ሰዒድ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ በጥንቃቄ አጠፈና ክር የሚያስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እናቱ በዚያው ወር ዐረፈች፤ እሱ ግን ሐያትን ትቶ አልሄደም። በዚያ ቀን እኔ ከሱቁ ስወጣ ሐያት ከጫማዎቹ ላይ አልተነሣችም ነበር።